በስልክ አይነገርም

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ሉዋም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ታዳምጣለች፤ ከላይ ሰው ሲወርድ፣ በር ሲዘጋ፣ ባልዲ ሲጎተት፣ ሁሉንም እየለየች፣ ይሄ ውሃ የሚቀዳው ጎረቤት ነው፣ ይሄ ጥበቃው ነው፣ ይሄኛው ግን ማነው፣ ለምን ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ለምን ብዙ ሆነው ይመጣሉ እያለች። ሌሊቱን ትችለዋለች፣ ሌሊት ማንም አይመጣም። የምትፈራው ይሄን ሰዓት ነው። መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቱን ቀድመው ቀስቅሰው፣ በር ላይ ቆመው አንተ ተናገር አንተ ተናገር እየተባባሉ። አስመራም እንደዚሁ ነው፣ አሁን የምትኖርበት አያት ሰፈርም እንደዚሁ ነው፤ ድንበር ስትሻገር ብዙ ነገር ተለውጦባታል፣ ይሄ ብቻ አልተለወጠም። ደግሞ ምን ያስፈራታል? በዚህ ከተማ በሯን አንኳኩቶ የሚያረዳት ዘመድ የላትም፣ የሚነገራትም አዲስ ሞት የለም፣ የሞተችው ጓደኛዋ ናት፣ ተቀብራለችም። ይሄን ሁሉ ታውቃለች። ልብ ግን ለማወቅ ደንታ የለውም፤ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ይዘላል።

ስልኩ ነዘረ። አላየችውም፣ ማየትም አያስፈልጋትም፣ በዚህ ሰዓት የሚደውሉት እትዬ ወይንሸት ብቻ ናቸው። ጉርድ ሾላ ያለውን የመጋረጃ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ ቁልፉን በአንድ እጃቸው ይዘው ይሆናል፣ በየጠዋቱ አንዴ ይደውላሉ። አንዴ ብቻ። ደጋግመው ቢደውሉ፣ ቢቆጡ፣ አንቺ ውሸታም ብለው ቢጽፉላት ይቀላት ነበር፤ እሳቸው ግን ጠርቶ ጠርቶ እስኪያቆም ጠብቀው ይተዉታል፣ በማግስቱ ደግሞ ይደውላሉ። የማኅደር እናት ናቸው። ማኅደር ባትኖር ሉዋም እዚህ አገር ምን ሰው ነበራት? ክፍል ውስጥ ማንም አጠገቧ ሳይቀመጥ ማኅደር መጥታ ተቀመጠች፣ አማርኛዋ ሲሰበር እየሳቀች አቀናችላት፣ እሁድ እሁድ ቤቷ እየወሰደች ምሳ አበላቻት፣ እትዬ ወይንሸትም ከሁለተኛው እሁድ ጀምሮ ሳህን ሲያቀርቡ የሷን ሳይጠይቁ ጨምረው ያቀርቡ ጀመር። እንዲህ ያለ ቤት ስደተኛ ሁለቴ አያገኝም። እና አሁን የዚያ ቤት ስልክ ሲጠራ ትራስ ትጭንበታለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉ ሰዎች ምናልባት ትንሽ ትንሽ ውሸት የዋሹ ናቸው። የሷ እያደር ከበደ። የአደጋው ማታ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆማለች፣ የሹራቧ እጅጌ ደርቆ ደንድኗል፣ የማን ደም እንደሆነ ማሰብ አትፈልግም፣ ለመስክ ትምህርት የወጡበት አውቶቡስ ቁልቁለቱ ላይ ከተገለበጠ ጀምሮ ሰዓቱ ቆሟል ወይም ሮጧል፣ አስተማሪያቸው ግንባሩን ታስሮ በየወንበሩ እየዞረ ይናገራል፣ «ለማንም ቤተሰብ በስልክ እንዳትናገሩ፤ ሽማግሌ ይላካል።» ትክክል ነው። በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ቆሞ፣ የሚይዘው ሳይኖር፣ እንዲህ ያለውን ነገር በጆሮው አይቀበልም፣ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ከዚያ ስልኳ ጠራ።

«ሉዋምዬ፣ ይቺ ልጅ ስልኳ ዝግ ነው እኮ! ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል እትዬ። መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ነው የዘገየነው፣ እዚሁ ልናድር ነው።»

«እሷስ?»

«ተኝታለች።»

«እራቷን ሳትበላ?»

«በልታለች።»

«በይ ልብስ ደርቢላት የኔ ልጅ። ብርድ አትችልም።»

«እሺ እትዬ።»

ተኝታለች ማለት አንድ ነገር ነው። በልታለች ምን ነበር? ማን ጠየቃት፣ ማንስ አዘዛት፣ መርዶን መደበቅ ወግ ነው፣ የሞተ ሰው እራት ማብላት ግን ወግ አይደለም። እሺ ማለትስ? ልብስ እደርብላታለሁ ማለት? እትዬ ወይንሸት ያን ሌሊት እፎይ ብለው ተኙ። ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ፣ ከመሀላቸው አንዱ የክፍል ጓደኛቸው የያፌት አጎት ነበርና ለተማሪዎቹ እሱ ነው የነገራቸው፣ ከውስጥ ሆነው እየሳቁ «ማኅደር፣ ቁልፍሽን ረሳሽ እንዴ?» ብለዋል።

ፊቷን ታጠበች። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ቲቸር ሙዘሚል ጋ ነው። ልሂድ አልሂድ ስትል ጫማዋን አስራለች፤ እግሯ ከሷ ይልቅ ቆራጥ ሆኗል። ደረጃውን እየወረደች ደግሞ የአደጋው ማግስት የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ቆማለች፣ ከአደጋው የተረፉትን ቤተሰቦቻቸው እየመጡ ይወስዷቸዋል፣ አንዷን እናቷ በነጠላ ጠቅልላ፣ ያፌትን እግሩ በጄሶ እንደታሰረ አጎቶቹ ተሸክመው፣ ጠበል እንወስደዋለን እያሉ፣ ለድንጋጤ ይሄ ይሻላል ያ ይሻላል እየተባባሉ፣ መኪና ሲመጣ መኪና ሲሄድ፣ በመጨረሻ ጥበቃው ወንበሩን ሰጥቷት «አንቺስ እህቴ፣ ማን ነው የሚወስድሽ?» አላት። «ይመጣሉ» አለችው። የሚመጣ እንደሌለ እያወቀች እስከ ማምሻው ተቀመጠች፣ ሰውየው እንዳያዝንላት ብላ፤ ከዚያ ተረኛው ሲቀየር ተነስታ ባቡር ይዛ ወደ አያት ሄደች።

ለቅሶ አልሄደችም። እሱ ነው ትልቁ። ሄዳለች ደግሞ፤ እስከ ማዶው አስፋልት ድረስ። ድንኳኑን አየችው፣ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ይመታሉ፣ እትዬ ወይንሸት መሀል ላይ የማኅደርን ፎቶ አቅፈው ያሞሻሉ፣ ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ «ተኝታለች አሉኝ! በልታለች አሉኝ! ልጄን ተኝታለች አሉኝ!» እያለ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። የሷን ቃል ነው፣ በስልክ የተናገረችውን፣ አንድ ሳይቀር። የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ የማታውቀው ሰውዬ ክንዷን ይዞ «አይዞሽ፣ ቤተሰብ ነሽ?» ሲላት «አይደለሁም» ብላ ተመለሰች። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ይባላል? ስም የለውም። ሠርግ የቀረ ይታረቃል። እሷ ግን ከዚያ በኋላ በምን ፊቷ ስልክ ታንሳ?

ባቡሩ ጣቢያ ሰው እስከ ጠርዙ ሞልቷል። ቲኬቷን ጨብጣ ቆማ ቲቸር ሙዘሚልን ታስባለች። ተማሪው በሱ ይቀልዳል፣ እሱ ቢሮ የገባ ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ ፍቅር ለቆታል ይላሉ፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ ዞረው የሚገቡ አሉ። እሷ የፈራችው ሌላ ነገር ነው። ከተሻገረች ጀምሮ ስንት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች፣ በየት ገባሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ እስቲ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ቃልሽን ስጪ፣ ሲባል የገዛ ሕይወቷ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ሆኖ ማኅተም ሲመታበት አይታለች፤ ያ ነገር ከተነገረ በኋላ የሷ አይመስላትም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሲያስጠራት ሌላ ጠረጴዛ ነው ብላ ነው የገባችው። እሱ ግን እስክሪብቶ እንኳን አላነሳም። «ምሳ በላሽ?» አላት። አልበላችም ነበር። ካፌ ወስዶ ሽሮ አዘዘ፣ እያበላት ስለ አደጋው አንድ ቃል ሳይጠይቃት ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ዋለ፣ ስለ እግር ኳስ ምንም አታውቅም፣ ወደ መጨረሻው «ሐሙስ ሐሙስ የተረፋችሁት ትገናኛላችሁ። መናገር ግዴታ አይደለም፣ ዝም ብሎ መቀመጥም ይቻላል» አላት። መጣች፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ያፌት ሁልጊዜ የአውቶቡሱ መስታወት ሲሰበር የሰማውን ድምፅ ያወራል፣ አንድ ዓይነት ቃል፣ በየሳምንቱ፣ ማንም አያቋርጠውም። ሌሎቹ ያለቅሳሉ። እሷ ዝም። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምታ ታምን ነበር፤ አሁን ከውስጥ ሲበላት ይሰማታል።

ምክንያቱም ያልተናገረችው አለ። ለእትዬ ወይንሸት የተነገራቸው ወዲያው አለፈች፣ ምንም አልተሰቃየችም ነው። ሽማግሌዎቹም ያሉት ይሄንን ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ያለው ይሄንን ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም፣ የሚባለው እንዲህ ነው። ውሸት መሆኑን የምታውቀው ሉዋም ብቻ ናት። ማኅደር ወዲያው አላለፈችም። ሳሩ ላይ ተኝታ ነበር፣ ታወራ ነበር፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ነበራት፣ እና ከተናገረችው አንዱ «እማዬን እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች። ተኝታለች በያት» ነው። ስለዚህ ያ ውሸት የሉዋም አይደለም። እሱን ተናግራ ነፃ ልትወጣ ትችላለች፣ ዛሬ፣ አሁን ስልኩን አንስታ። ከተናገረች ግን እናትየው ልጃቸው ሜዳ ላይ እያወቀች እየሞተች እንደቆየች ይሰማሉ፤ ያላቸው ብቸኛ መጽናኛ እሱ ነው፣ ወዲያው የሚለው ቃል። ካልተናገረች ደግሞ ማኅደርን እራት ያበላች ውሸታም ሆና ትቀራለች፣ ያንን ቤትም ታጣለች። ልታጣው ነው። እሺ ትጣው። ይሄን በሌሊት ወስና በጠዋት ታፈርሰዋለች።

ስልኩ ነዘረ። ዘላ አየችው፤ እናቷ ናት፣ ከአስመራ፣ መስመሩ ሲገኝ እንጂ ሲፈለግ አይገኝም። ሕዝቡ መሀል ጆሮዋን በእጇ ደፍና አነሳች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው እማ።»

«ያቺ ጓደኛሽ ማኅደር ደህና ናት? ሰላም በያት።»

«ደህና ናት።»

ስለ አደጋው አልነገረቻቸውም። ምን ብላ? ከዚያ ሆነው ምን ያደርጉላታል፣ እንቅልፍ ከማጣት በቀር። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ገፍቶ አስገባት፣ እና ለነገር ማሟያ ያህል «አባዬስ?» አለች።

«ተኝቷል» አለች እናቷ።

አባቷ በዚህ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሰው ነው። ሉዋም ብረቱን ሳትይዝ ቆማ ቀረች፣ ባቡሩ ሲነሳ ሰው ላይ ወደቀች። ተኝቷል። በልቷል ወይ? ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ተወችው፣ በልቷል ብትላትስ? መቼ ነው? እነማን ተቀመጡ፣ እነማን አለቀሱ፣ ስንተኛው ወር ነው፣ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጉንፋን ነው እያለች ስታወራ፣ እነሱ ጥቁር ለብሰው ስቀው ሲያወሯት! «እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። ጮኻ ነበር፣ ሰው ዞሮ አያት። «እማ፣ ሞት እንኳን ቢሆን ንገሪኝ፣ እዚሁ ንገሪኝ፣ በስልክም ቢሆን ንገሪኝ፣ አትዋሺኝ!»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ትናንት አምሽቶ ነው፣ ሠርግ ነበርን...» ከዚያ የእግር ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ ከዚያም የአባቷ ሳል፣ ያ የምታውቀው፣ ያረጀ መኪና የሚያስነሳ የሚመስለው ሳል መጣ። «ሉዋም? ምንድነው ጓለይ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» መስመሩ ተቋረጠ። አንዲት ሴትዮ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችላት። ሉዋም ተቀምጣ በመስኮቱ ስታይ ጉርድ ሾላ ደረሰ፣ ወትሮ እዚህ ጋ አንገቷን ትደፋለች፣ ዛሬ አልደፋችም። ሱቁ ተዘግቷል። የመጋረጃው ሱቅ፣ በሥራ ቀን። ተኝቷል ከሚል አንድ ቃል ምን ያህል ፍርሃት እንደሚወጣ አሁን ነው የቀመሰችው፤ ማኅደርም እሷም ያኔ ይሄን አላወቁም።

ግቢው ውስጥ የምክር ቢሮው ደጃፍ ላይ ያፌት ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ቲቸር ሙዘሚል አጠገቡ ቆሟል፣ ሲያያት ወደሷ መጣ።

«ሉዋም፣ ሳልነግርሽ እንድትገቢ አልፈልግም። የማኅደር እናት ውስጥ ናቸው። እኔ አልጠራኋቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የመጡት፣ አንቺን ብለው። ሌሎቹን ለዛሬ በትኛቸዋለሁ። ካልቻልሽ ዛሬ አልመጣችም እላቸዋለሁ፣ ማንም አይቀየምሽም።»

«ተቆጥተዋል?»

«አላውቅም። እሳቸውም እንዳንቺ ብዙ አይናገሩም።»

ያፌት መሬት መሬቱን እያየ «እኔን ጠየቁኝ» አለ። «የማውቀውን ነገርኳቸው። እኔ የማውቀው ግን መስታወቱን ብቻ ነው። አንቺ ነሽ እኮ አብረሻት የነበርሽው።»

የግቢው በር ከኋላዋ ነው፣ ክፍት ነው፣ ጥበቃው ያው ጥበቃ ነው። ብትሄድ ማንም አይከተላትም። እግሯ ደግሞ የዛሬን አልወሰነም፣ ቆሞ ይጠብቃታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እሷ ግን እስኪደርስባት ስትጠብቅ ሰልችቷታል፣ አንዴ ሄዳ ብትደርስበት ይሻላል። «አብረኸኝ ትገባለህ ቲቸር?» አለች። «እገባለሁ» አለ።

እትዬ ወይንሸት ጥቁር ለብሰው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው ተቆርጧል። ሉዋም ከበሩ ብዙ ሳትርቅ ተንበረከከች፣ ጫማቸውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

«ለቅሶዬ ሳትመጪ ቀረሽ» አሉ።

«መጥቼ ነበር እትዬ። ማዶ ቆሜ... ሲያለቅሱ ሰማሁ። ተኝታለች አሉኝ ሲሉ ሰማሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ። ሰው ሁሉ መጣ፣ የማላውቀው ሳይቀር። አንቺን በዓይኔ ስፈልግ አርባዋ ደረሰ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «የመጣው ሁሉ እንዴት ሆነች ይለኛል። ልጅ የሞተባት እናት ይሄን ትናገራለች፤ ውሃ አጠጥቻት፣ ይሄን ብላኝ፣ እንዲህ ብላ አየችኝ ትላለች፣ ለመጣው ሁሉ እየደጋገመች ትናገራለች፣ ስትናገር ይወጣላታል። እኔ ምን ልበል? ወዲያው ነው አሉኝ እላለሁ። አሉኝ! የልጄን ሞት እንደ ሰፈር ወሬ አሉኝ ብዬ ነው የማወራው። አንቺ ነበርሽ። ንገሪኝ። ወዲያው ነው?»

ሉዋም ሴትየዋን አየቻቸው፣ አዎ ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ ነበራት፣ አንድ ቃል ነው፣ ደግ ቃል ነው፣ አገር ሁሉ የሚለው ነው። ባቡሩ ውስጥ አትዋሺኝ ብላ የጮኸችው እሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው?

«አይደለም» አለች።

እትዬ ወይንሸት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቀጥዪ።»

«ሳሩ ላይ ነበርን። ከአውቶቡሱ ያወጧት ሰዎች እዚያ አስተኟት። ታወራ ነበር እትዬ። እግሬ የለም ወይ አለችኝ፣ አለ አልኳት፣ ነበረም። በረደኝ አለችኝ። ጃኬቴን አለበስኳት፣ ከዚያም በረደኝ አለች። ያፌት ተረፈ ወይ አለች። ከዚያ እርስዎን...» እንደ መጀመሪያ ሰሞኗ አማርኛው ከእጇ አመለጠ፣ ቃሉን ፈልጋ አገኘችው። «እማዬን እንዳትነግሪያት አለችኝ። ትደነግጣለች፣ ተኝታለች በያት አለችኝ። እሷ ናት ያለችው። እራት በልታለች ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ የኔ ነው፣ ተኝታለች ያለችው ግን እሷ ናት።»

ከዚያ እትዬ ወይንሸት ከሆዳቸው የወጣ ድምፅ አሰሙ፣ ጭናቸውን በመዳፋቸው መቱ፣ ደግመው መቱ። «የሷ ነው?» አሉ። «እኔ ድንኳን ሙሉ ሰው ሰብስቤ ስረግመው የከረምኩት ቃል፣ የልጄ ነው?» ሉዋም ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፣ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ፣ እትዬ ወይንሸትም አለቀሱ፣ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ቲቸር ሙዘሚል በሩን ዘግቶ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመ። ሲረግብላቸው እናትየው አፍንጫቸውን ጠርገው ቀና አሉ።

«ስትሞት ይዘሻት ነበር?»

«እጇን ይዤ ነበር።»

«በየትኛው እጅሽ?»

ሉዋም ማሰብ አላስፈለጋትም። ቀኝ እጇን ዘረጋች። እትዬ ወይንሸት በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ገልብጠው መዳፉን አዩት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኩ፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ጫን አሉት።

«በይ አሁን» አሉ እጁን ሳይለቁ፣ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ሉዋምም ጀመረች።